ሰባት ቤትና አንድ መለኪያ

ሰብለወንጌል አዛናው ከሰው ጋር ሳትከራከር የዋለችበት ቀን ቢኖር የታመመችበት ቀን ነው። የዚያን ማክሰኞ ግን ጤናዋ ሙሉ ነበር። ሞተር ሳይክሏን የይሁኔ በር ላይ አቁማ፣ የኮርማ ዘር ቀዝቅዞ የሚቀመጥበትን ጋን መሳይ ብረት ከኋላዋ ገና ሳትፈታ፣ ይሁኔ ከጓሮ እየጮኸ ወጣ።

«ነይማ እይልኝ! ላሜ ጥቁር ቡሬ። ኮርማው ጥቁርና ነጭ ነው ብለሽ ፎቶውን ያሳየሽኝ አንች። የተወለደችዋን እያት! እንደ በርበሬ የቀላች! ይህችን ከየት አመጣሻት?»

«እኔ ነኝ እንዴ የወለድኳት?»

«ዘሩን ያመጣሽው አንች ነሻ። ወይ የሌላ ኮርማ ዘር ተሳስተሽ ከተሽባታል፣ ወይ የጎረቤት ኮርማ አጥር ዘሎ ገብቶባታል።»

«የላምህን እናት ታውቃታለህ?»

«በዐይኔ አላየኋት። ከአንበሳሜ ገበያ የገዛኋት ናት።»

«እንግዲያው ስማ። ቀይነት ተደብቆ ያድራል። ላሚቱ ውስጥ ተደብቆ ነበር፣ ኮርማው ውስጥም ተደብቆ ነበር። ሁለቱ ድብቆች ጥጃዋ ላይ ሲገናኙ አደባባይ ወጡ። ጥጃህ አባቷን አልካደችም፤ ቅድመ አያቷን ነው ያስታወሰችው።»

ይሁኔ ራሱን አከከ። «እኔ እንጃ። የሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ ግን ሽማግሌ ይቀመጥባት ነበር።»

ቀልዱን ነው። ሰብለም ሳቀችና ሥራዋን ሠርታ ሄደች። በመጪው ቅዳሜ ግን በእሷው ጉዳይ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነበር። ይሁኔም ጎረቤት ስለሆነ ከአባቷ ወገን ከሚቀመጡት አንዱ ነው።

ሰብለ ከእርሻ ኮሌጅ ከወጣች ጀምሮ ወረታ ተቀጥራ የፎገራን ላሞች ታዳቅላለች። መጀመሪያ ሰሞን በየመንደሩ «ሴቷ ኮርማ መጣች!» እያሉ ይስቁባት ነበር። «ወንዱ ኮርማህ ምን ፈየደልህ? ላምህ መክና የከረመችው በማን ሆነና!» ትላቸዋለች። አንድ ዓመት ሳይሞላ ሳቁ ቆመ፤ ጥጆቹ አስቆሙት። በዚህ አገር ሰው በክርክር ተሸንፎ አያውቅም፣ በጥጃ ግን ይሸነፋል።

ልታገባው ያሰበችው የኔነህ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። የተገናኙት የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ለአምስት እንዲደራጅ ሥልጠና በተሰጠ ጊዜ፣ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰብለ እጇን አውጥታ አሠልጣኙን «አምስት ሰነፍ አንድ ላይ ቢጠረነፍ አንድ ጎበዝ ይወጣዋል?» ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከወደኋላ አንድ ሰው ብቻ አጨበጨበ፣ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅም እጁ አየር ላይ ቀረ። ያ እጅ የየኔነህ ነው። ሰብለ ዞራ አየችውና «ይሄ ቢፈራም ያጨበጭባል» ብላ ወደደችው።

ስለ አባቷ ቤት ግን አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር አለ። መሪጌታ አዛናው የዜማ መምህር ናቸው። «የመሪጌታ ቤት እሳት አይቀምስም» ይላል አገሬው። እሳት የሚሉት አረቄን ነው። ነገሩ ከቅድመ አያታቸው ከአለቃ ገብረ ኪዳን ይጀምራል። አለቃ አንድ የክብረ በዓል ዋዜማ ሰክረው ማሕሌት ገቡና ዜማውን አተረማመሱት። ከጥግ የቆመ አንድ ባሕታዊ «ከዛሬ ጀምሮ ለአንተም ለዘርህም ይህ መጠጥ እሳት ይሁን!» ብሎ ገዘታቸው ይባላል። ከዚያ ወዲያ ከዘራቸው አረቄ የቀመሰ ሰው ዐይኑ ደም ይመስላል፣ ጆሮው ይግላል፣ አንገቱን ያሳክከዋል፣ ልቡ እንደ ከበሮ ይደልቃል። መሪጌታ በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ቀምሰው አይተውታል፣ ወንድማቸውም አይቶታል። ለልጆቻቸው ግን ገና ከጥንቱ ከለከሉ። በቤቱ ይህ ነገር እንደ ሕመም አይቆጠርም። ምልክት ነው። ሌላው ዘሩን በመሬት ይቆጥራል፣ እነሱ በጆሮ ግለት።

ቅዳሜ መጣ። የየኔነህ አጎት አቶ አድማሴ ከደብረ ብርሃን ድረስ በአውቶቡስ ሲንገላቱ መጥተው፣ ሁለት መምህራን አስከትለው ከመሪጌታ ደጅ ቆሙ። በደንቡ ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። መሪጌታ ግን «ወገኑን የማላውቀውን ልጅ ፊቱን እንኳ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ስላሉ የኔነህም ኮቱን ለብሶ አጎቱ ጎን ተቀመጠ።

ሰብለ ጓዳ ሆና በመጋረጃው ክፍተት ታያለች። ነገሩ መልካም ሄደ። አቶ አድማሴ አፈ ጮማ ናቸው፣ መሪጌታ ሁለት ጊዜ ፈገግ አሉ። ይሁኔም «ልጁ ጨዋ ይመስላል፣ ለመምህር እንኳ ደህና ነው» ብሎ መሰከረ። ቃል ሊሰጥ ሲቃረብ እናቷ ወይዘሮ አማከለች የሩዝ አረቄያቸውን ይዘው ገቡ። ቤቱ ባይጠጣም እንግዳው ይጠጣል፣ በፎገራ ሜዳ ደግሞ የአማከለችን አረቄ የሚስተካከል የለም። ለሙሽራው አንድ መለኪያ ተቀዳለት። እዚያ አገር በዚያች ሰዓት የተቀዳን መለኪያ መመለስ ቤቱን መናቅ ነው።

«አይስማማኝም፣ አጎቴ» አለ የኔነህ በሹክሹክታ።

«ዋጠው! አዋርደኸን ልትመለስ ነው? የኛ ቤት ልጅ አረቄ ይፈራል ይባል?» አሉ አቶ አድማሴ በክርናቸው ጎሸም አድርገውት፣ በጥርሳቸው መካከል።

ዋጠው።

ብዙም ሳይቆይ ዐይኑ ቀላ። አንገቱን ማከክ ጀመረ። ሸሚዙን ከላይ ፈታ፤ እንደሮጠ ሰው ይተነፍስ ጀመር። ከጥግ የተቀመጡት የመሪጌታ አክስት እማሆይ ታይቱ ናቸው። ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍልውሃ ከርመው መመለሳቸው ነበር። የአካባቢውን ዘር በቃላቸው የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሰባት ቤት ቆጥረው «ንጹሕ ነው» ካላሉ ጋብቻ የለም። በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ሙሽራው አጠገብ ደረሱ።

«ልጄ፣ እስቲ ጆሮህን ልንካው።»

የኔነህ ግራ ቢገባው ጆሮውን ሰጣቸው።

«ይግላል!» አሉ እማሆይ። «ልብህስ?»

«ይመታል፣ እማሆይ። አይስማማኝም ብዬ ነበር…»

እማሆይ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የጠፋ በግ ያገኘ ሰው ደስታ ነበር። «አዛናው፣ ይህ ልጅ የኛው ዘር ነው። የአለቃ ገብረ ኪዳን ምልክት አለበት።»

ጓዳ ያለችው ሰብለ መጋረጃውን ጨበጠች። ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሰከንድ አልፈጀባትም። ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ከሰባት ቤት በታች ከሆነ ደግሞ ጋብቻ የለም፣ አበቃ።

«የሸዋ ሰው እኮ ነው» አለ ይሁኔ።

«ዘር ይቆጠር!» አሉ እማሆይ።

አቶ አድማሴ ዘር ቆጠራ ሲሉ ደረታቸው ተነፋ። ብልህ ሰው ቢሆኑ ዝም ይሉ ነበር። «የኔነህ የአማረ ልጅ ነው። አማረ የበእውቀቱ። የበእውቀቱ አባት ደግሞ የዚሁ የእናንተው አገር ሰው ነው! ዜማ ይዞ ከበጌምድር መጥቶ እኛ አገር አግብቶ ቀረ። የቤተ ክህነት ደም አለብን እኮ!»

«ስሙ ማን ይባላል?» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ስሙን እንጃ። ‹ጎንደሬው› ነበር የሚሉት።»

እማሆይ ታይቱ በትራቸውን መሬት መቱ። «የአባቴ ታላቅ ወንድም ዜማ ይዞ ወደ ሸዋ ወርዶ ቀርቷል! የአለቃ ገብረ ኪዳን የበኩር ልጅ! እንግዲህ ቁጠሩ፦ ጎንደሬው፣ በእውቀቱ፣ አማረ፣ የኔነህ። በዚህ በኩል አባቴ፣ ወንድሜ፣ አዛናው፣ ሰብለ። አራተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ!»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። «ነገሩ እስኪጠራ ቃል አልሰጥም። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ።»

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሰው ሞኝ አይደለም። እዚያ ከተቀመጡት ገበሬዎች አንዱ በሬ ሊገዛ ቢወጣ ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ አሳርሶ ይፈትነዋል፣ ሻጩን ሦስት ጊዜ ያስምላል። በሬ ሲሆን ማስረጃ ይጠይቃል። የልጅ ትዳር ሲሆን ጆሮ ዳስሶ ይፈርዳል። ከዚያም «የአባቶች ሥርዓት ነው» ይላል። የአባቶች ሥርዓት ሰባት ቤት ቁጠሩ አለ እንጂ ጆሮ ዳስሱ አላለም።

ሰኞ ዕለት ሰብለና የኔነህ ወረታ መገንጠያው ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መኪና በሚተላለፍበት፣ አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጡ። አቶ አድማሴ የየኔነህን አልጋ ይዘው፣ ከሙቀቱና ከትንኙ ጋር እየተጣሉ ሳምንቱን እየጠበቁ ነው።

«ምን ሆነህ ነው የጠጣኸው?» አለች ሰብለ።

«አጎቴ በክርኑ ወጋኝ።»

«ክርን ወግቶህ ትዳር ታፈርሳለህ? እሺ፣ አንተ ኬሚስትሪ ነህ፤ አስረዳኝ። ምንድን ነው የሆንከው?»

የኔነህ ጥያቄ ሲያገኝ ሐዘኑን ይረሳል። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ጎን ለጎን አደረገ። «ጉበት ውስጥ ሁለት ሠራተኛ አለ በይ። የመጀመሪያው አልኮሉን ይቀበልና አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ሌላ ነገር ይለውጠዋል። እሱ ከአልኮሉ የባሰ መርዝ ነው። ሁለተኛው ሠራተኛ ያን መርዝ ተቀብሎ የኮምጣጤ ዘመድ ያደርገዋል፤ እሱ አይጎዳም። አብዛኛው ሰው ላይ ሁለቱ ተግባብተው ይሠራሉ። የኔ የመጀመሪያው ሠራተኛ ግን ጥድፊያ ይወዳል። መርዙን ይከምረዋል፣ ሁለተኛው አይደርስበትም።»

«ዕቅዱን መቶ ሃያ ከመቶ የሚፈጽም ነዋ፣ እንደኛ ሪፖርት።»

«ልክ እንደዚያ። ዐይን የሚያቀላው፣ ልብ የሚያስመታው እሱ ክምር ነው። እናትሽ አረቄ ሲያወጡ የመጀመሪያውን ጠብታ ምን ያደርጉታል?»

«ትደፋዋለች። ሽታው ይሰነፍጣል፣ ራስ ይመታል ትላለች።»

«ያው ነው! አሴታልዲሃይድ ከአልኮሉ ቀድሞ ስለሚተን ቀድሞ ይወርዳል። እናትሽ የሚደፉትን እኔ ሆዴ ውስጥ እሠራዋለሁ።»

ሰብለ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። «የአባቴም ይኸው ነው?»

«ይመስለኛል። ግን ይህ ጠባይ በየአገሩ ያለ ነው። ባሕር ማዶም አለ፣ እኛ አገርም ሞልቷል። እሱ ያለበት ሁሉ የአለቃ ገብረ ኪዳን ልጅ ከሆነ አለቃ ሲወልዱ ብቻ ነው የኖሩት።»

«ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል?»

«ይወርዳል፣ ግን ለሁሉም አይዳረስም። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ብቻ ካለበት፣ እሱም ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ከሆነ፣ ለልጆቹ ግማሽ በግማሽ ነው። ይህን እንኳ ከኔ ይልቅ አንች ታውቂዋለሽ።»

ሰብለ ሁለቱን ብርጭቆዎች አየች። የደብረ ታቦር አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። «ግማሽ በግማሽ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ ቀምሼ አላውቅም።»

«ምን እያሰብሽ ነው?»

«ምንም።»

የኔነህ ይህን ጊዜ ፈራ። ሰብለ ከተናደደች ትናገራለች፤ «ምንም» ካለች ግን ልታደርገው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ሳምንት ከተማ ላይ ቀምሶ ውጤቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ወረታ ላይ ግን የመሪጌታ ልጅ አረቄ ቤት ገባች የሚለው ወሬ በባጃጅ ተሳፍሮ ከእሷ ቀድሞ አባቷ ዘንድ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ደብቃ ብትቀምስም ማን ያምናታል? ፈተና ማለት ሰው እያየ ሲሆን ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ገና አልወሰነችም ነበር። በክርክር አሸንፍ ይሆናል ብላ ተስፋ ታደርግ ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሁሉም በየቦታው ተቀመጡ። የየኔነህ ዐይን ዛሬ የቀላው በእንቅልፍ እጦት ነው። አማከለች መለኪያዎቹን በትሪ ደርድረው ዳር ላይ አስቀመጡ። እማሆይ ታይቱ ሳምንቱን ሙሉ ሲቆጥሩ ሰንብተው ያንኑ አራተኛ ቤት ጭራሽ አጽንተውታል። የኔነህ ስለ ጉበት ሠራተኞቹ ሊያስረዳ ሞከረ።

«ልጄ፣ እኔ የጉበት ሠራተኛ አላውቅም» አሉ እማሆይ። «ዘር ግን አውቃለሁ። የአጎቴ የልጅ ልጅ ልጅ በመሆንህ ደግሞ ደስ ይበልህ። ከአባቶችህ ቤት ገብተሃል።»

«ደስ አላለኝም፣ እማሆይ።»

በዚህ ጊዜ ሰብለ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሴት ልጅ በራሷ ሽምግልና ላይ አትወጣም። መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። «ምን ልትሆኝ ነው የወጣሽው?»

«ስለኔ ነው የምትነጋገሩት አባ፣ ልስማ ብዬ ነው። ይሁኔ፣ ሜዳው ላይ ስንት ቡሬ ላም አለ?»

«ማን ቆጥሮት!»

«ሁሉም እህትማማች ናቸው?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ሰው ከብት አይዶለም!» አሉ መሪጌታ።

«እኔም እሱን ነው የምል! ለላም የማይበቃ ማስረጃ ለእኔ እንዴት በቃ?»

«አንች ልጅ፣ አፍሽ!» አሉ እናቷ ከዳር።

ሰብለ ግን ወደ እማሆይ ዞራለች። ድምፅዋ ለስላሳ ሆነ። የሚያውቋት ሁሉ ይህን ድምፅ ይፈሩታል። «እማሆይ፣ እርስዎ ያውቃሉና ይንገሩኝ። ምልክቱ የዘራችን ምልክት ነው?»

«ነው እንጂ።»

«ያለበት ሁሉ የኛ ነው?»

«ሁሉም!»

«የሌለበትስ?»

«የሌለበትማ የኛ አይደለም። ግዝቱ ከዘሩ ሁሉ ጋር ነው፤ ባሕታዊ ግዝቱን አያዛባም።»

ሰብለ ወደ ትሪው ሄደች። አንዱን መለኪያ አነሣች። አባቷ «ተይ!» ሲሉ መለኪያው ባዶ ነበር። ጉሮሮዋ ነደደ፣ ዐይኗ እንባ አቀረረ፣ ሳል ያዛት። እማሆይ «ይኸው!» ብለው ተነሡ።

«ይህ ለማንኛውም ጀማሪ ነው» አለ የኔነህ ፈጠን ብሎ። «ይጠብቁ፣ እማሆይ። ይጠብቁ።»

ጠበቁ። ሽምግልናው ሁሉ የአንዲት ሴት ጆሮ ሲጠብቅ ማየት ነው! ይሁኔ እንደ አዋላጅ ጎንበስ ብሎ ያያታል። አቶ አድማሴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምናልባት ይጸልያሉ። ሰብለ መሐል ቤት ቆማ ደረቷን ታዳምጣለች። የተቃጠለች እንደሆነ ምንም አላስረዳችም፤ በአባቷ ፊት አረቄ መጠጣቷ ብቻ ይቀራል፤ ትዳሩም ያኔውኑ ይሞታል። አንገቷ አላሳከካትም። ልቧ ይመታል፣ ግን የፍርሃት ነው። እማሆይ መጡ፣ ጆሮዋን ያዙ፣ ወደ ሌላው ጆሮዋም ዞሩ።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ሰብለ አሸነፍኩ ብላ ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ የእማሆይን ዐይን ተከተለች። ዐይናቸው ከእሷ ጆሮ ተነሥቶ፣ ቤቱን አቋርጦ፣ እናቷ ላይ አረፈ። ይሁኔ ሳል ጀመረው። አቶ አድማሴ ጣሪያ ማየት ጀመሩ። ሰብለ ምን እንዳደረገች ያን ጊዜ ገባት። ምልክቱ የሌለበት የአዛናው ዘር ካልሆነ፣ ታዲያ እሷ የማን ናት? ለክርክሯ ስትል እናቷን ሰው ፊት አቁማቸዋለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክሯን ጠላችው።

አማከለች የያዙትን ጠርሙስ አስቀመጡ። በቀሚሳቸው እጃቸውን ጠረጉ። «ይናገሩ እንጂ፣ እማሆይ። ዐይንዎ የሚለውን አፍዎም ይበለው።»

«እኔ ምን ወጣኝ?»

«እኔ ልናገርልዎ። ይህች ልጅ የመሪጌታ አይደለችም ነው ነገሩ። እሺ። አፍንጫዋን ይዩት፤ ከማን ተበደርኩት? ቅንድቧን ይዩት። እሱም ይቅር። ቁጣዋስ? ከተወለድኩበት ከአንበሳሜ ይዤው መጣሁ? በአባቴ ቤት ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ቢኖር አውራ ዶሮው ብቻ ነበር! ይህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ግን ነጎድጓድ ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። አንዱ ነጎድጓድ ማሕሌት ይቆማል፣ ሌላው ሞተር ይነዳል። ይህን ያህል የሚመሳሰል አባትና ልጅ አይተው ያውቃሉ? ወይስ እዚህም ላይ ጆሮ ይዳሰስ?»

አንድ ሰው ፕፍ ብሎ ሳቀ። ይሁኔ ነው፤ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ከዚያ የመምህራኑ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መሪጌታ አዛናው አልሳቁም። መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱት፣ ሳቁም ቆመ። ሚስታቸውን አዩ። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም። እፍረት ነበር።

«አማከለች፣ ተቀመጪ» አሉ። «በዚህ ቤት አንችን የሚጠይቅ የለም። ሰብለ ልጄ ናት። ይህን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገኝም፤ ማንም መለኪያ ይዞ እንዲመጣብኝም አልፈቅድም።» ወደ አክስታቸው ዞሩ። «እንግዲህ እማሆይ፣ መለኪያው ልጄ ላይ ዋሽቷል። ልጄ ላይ የዋሸ ምስክርን አምኜ በሰው ልጅ ላይ አልፈርድም። ምስክር አንድ ጊዜ ከዋሸ ይሻራል።»

«ግዝቱስ? ባሕታዊውም ዋሸ ልትል ነው?» አሉ እማሆይ።

«ግዝቱ በቦታው ይኑር። ባሕታዊው መጠጥ ከለከለ እንጂ ዘር ቆጣሪ አልተሾመም። እንዲያውም ብዙ ሰው እንዲጠነቀቅ ግዝቱን ከኛ ዘር ውጭም ቢያሰፋው ምን ነውር አለው?»

አቶ አድማሴ ይህን ጊዜ ዝም ቢሉ ነገሩ አልቆ ነበር። «ጎንደሬውስ ታዲያ፣ መሪጌታ?» አሉ።

«ሰውዬ!» አለ ይሁኔ ክንዳቸውን ይዞ። «ገመዱን እየፈቱልህ አንተ መልሰህ ታሥራለህ?»

መሪጌታ በመጨረሻ ፈገግ አሉ። «ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የወረደ የዜማ ተማሪ እንደ አንበጣ ነው፤ ማን ይቆጥረዋል? ሁሉም ‹ጎንደሬው› ነው የተባለ፣ ሁሉም የገብረ ኪዳን ልጅ አይደለም። እሱን ከኛ ያገናኘው የዚህ ልጅ ጆሮ ብቻ ነበር። ጆሮው ደግሞ ተሽሯል። ስም የሌለው ሰው ምስክር ሆኖ አይቆምም። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

አቶ አድማሴ ተነሥተው ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲሉ መሪጌታ ከለከሏቸው። እማሆይ ታይቱ በትራቸውን እያንኳኩ ወደ ጥጋቸው ተመለሱ። የተሸነፉ አይመስሉም። «ለልጆቻቸው ግን እኔ ነኝ የምቆጥረው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሰብለ ጓዳ ስትገባ እናቷ ክንዷን ይዘው ቆነጠጧት። ጥሩ ቁንጥጫ ነበር።

«እኔን ለፍርድ አቅርበሽ ነው ባል የምታገቢ?»

«እማዬ፣ አላሰብኩትም። እውነቴን ነው። ይቅር በይኝ።» ሰብለ እውነቷን ነበር፤ እንባዋም መጣ። ግን ያው መለኪያው ሥራውን ጀምሮ ነበርና እንባው ወደ ሳቅ ዞረ፣ ግድግዳውንም ተደገፈች። «እማዬ፣ አውራ ዶሮው ብቻ ነበር አልሽ እኮ!»

«የሰከረ ሰው ይቅርታ አልቀበልም። ነገ ትደግሚዋለሽ» አሉ አማከለች። እሳቸውም ግን ፊታቸውን አዞሩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ። ልጃቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ውኃ ሊቀዱላት ሄዱ።

ከመጋረጃው ወዲያ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይሰማል። ቀን እየቆረጡ ነው። ሩዙ ታጭዶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ባጃጅ እስከ ደጅ ሲገባ ይሁን ይላሉ። ይሁኔ ጥርን አነሣ። አቶ አድማሴ ተስማሙ፣ መሪጌታም «ጥር መልካም ነው፣ ከጥምቀት ወዲያ» አሉ።

«ጥር አይሆንም!» የሚል ድምፅ ከጓዳ ፈነዳ። «ጥር የማዳቀል ዘመቻ ነው! የትኛው ሽማግሌ ነው ጥር ያለው? ላሞቹ ተሰልፈው እየጠበቁ እኔን ልትድሩኝ ነው? ይውጣና ይንገረኝ! ደግሞ ድግሱን ማን ጠየቃችሁ፣ እኔ ድንኳን አልፈልግም፣ የኔነህም አይፈልግም፣ ጠይቁት! አንተ፣ ንገራቸው እንጂ!»

የኔነህ ሊናገር ሲል መጋረጃው ተወዛወዘ። አንድ ነገር ወደቀ፣ የአማከለች «ተቀመጪ አንች!» የሚል ድምፅ ተከተለ። አቶ አድማሴ ላባቸውን ጠረጉና ወደ መሪጌታ ጠጋ አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መሪጌታ፤ ልጅቱ… ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«አይ» አሉ መሪጌታ አዛናው። «ዛሬ ጠጥታ ስለሆነ ለስለስ ብላለች።»